የአሻንጉሊቶቹ ክርን

ጥቅምት 9፣ 1974 — ሰኞ

ዝናቡ ጋብ ብሏል። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ግን ገና ጭቃ ነው። ሦስተኛ ክፍሎች ዛሬ ቅርጫት ጀመሩ። ግማሾቹ ሰንበሌጥ ረስተው መጡ። አልተቆጣሁም... እሺ፣ ትንሽ ተቆጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተራችን አቶ ታምሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ደነገጥኩ። በዚህ ዘመን ቢሮ ሲጠራ የማይደነግጥ ማን አለ? ለካ የሥራ ጉዳይ ነው። የጤና ጣቢያ ሰዎች ስለ ወባ ገበያ ላይ ሊያስተምሩ አስበዋል። ገበያተኛው ወረቀት ስለማያነብ በአሻንጉሊት ይሁን ተብሏል። አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ አያት። አንዲት ትልቅ ቢምቢም። ከመጋረጃ ጀርባ ሆነን በዘንግ የምናንቀሳቅሳቸው። ክርናቸው ይታጠፋል፣ ጉልበታቸውም። አባትየው ይቆፍራል፣ ቢምቢዋ ትነክሰዋለች፣ ይንቀጠቀጣል፣ ክኒን ይውጣል፣ ይነሳል።

«የእጅ ሥራ መምህርት አንቺ ነሽ፤ ጓድ ልክነሽ» አሉ። «በኅዳር መጀመሪያ እንድናያቸው።»

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ደግሞም ደስ ብሎኛል። ከቅርጫት ሌላ የሚሠራ ነገር ካገኘሁ ስንት ዓመቴ።

ጥቅምት 13 — ዓርብ

አናጢው ጋሽ ካሱ እጅና እግሮቹን ከዋንዛ ጠርቦ አመጣልኝ። እንዴት ያምራሉ! ክርኑ ውስጥ ሽቦ አሳልፏል። ስታጥፈው ይታጠፋል፣ ስትለቀው ይወርዳል። ባለቤቴ ደበሌ ከእርሻ ልማት ቢሮው ሲመለስ አባትየውን አንስቶ «ሰላም ጓድ» ብሎ ጨበጠው። ሳቅን። አማቴ እማማ ሻሺቱ እንኳ ከአልጋቸው ቀና ብለው ፈገግ አሉ።

የቀረው መቀባት ብቻ ነው። ቀላሉ ሥራ።

ጥቅምት 20 — ዓርብ

ቀባኋቸው። ሙሉውን በዘይት ቀለም፣ ፊቱንም እጁንም። ቡናማው ቆዳ ልክ መጣልኝ። የእናትየዋን ቀሚስ ጥለት ሦስት ቀን ፈጀሁበት። በረንዳው ላይ ደርድሬ አሰጣኋቸው። የጎረቤት ሴቶች እየመጡ አዩ።

ጥቅምት 21 — ቅዳሜ

ተጣብቀዋል። ሁሉም።

ቀለሙ መጋጠሚያው ውስጥ ገብቶ ደርቋል። የአባትየውን ክንድ በኃይል ሳጥፈው ቀጭ አለና ክርኑ ላይ ያለው ቀለም እንደ ቁስል ቅርፊት ተላጦ ወደቀ። ከሥሩ ነጭ እንጨት ወጣ። ጉልበቱም እንዲሁ። የልጅየዋ ትከሻ ደግሞ... ተይው።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለአሻንጉሊት ይለቀሳል? ይለቀሳል።

ጥቅምት 26 — ሐሙስ

ቀለሙን ሁሉ ፋቅሁ። በዚህኛው ዙር ሽቦውን አውጥቼ ቁርጥራጩን ለየብቻው ቀባሁ። በደንብ ከደረቀ በኋላ ገጣጠምኩ። አልተጣበቀም! እሰይ ብዬ አሥር ጊዜ ያህል አጣጠፍኩት። በአሥራ አንደኛው ክርኑ ዳር ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ታየ። እንጨት ከእንጨት ሲፋተግ ቀለሙን ይበላዋል። ማታ ላይ ክርኑ በሙሉ ነጭ ሆነ።

አቶ ታምሩ አዩት። «ሕዝቡ ለምጽ ያለበት ገበሬ አየን እንዳይል» አሉ። ቀልደው ነው? ፊታቸው አልሳቀም።

ጥቅምት 28 — ቅዳሜ

ሲቀላ ገበያ ወረድኩ። ሌላ ዓይነት ቀለም ይኖር እንደሆነ ሱቁን ሁሉ ዞርኩ። የለም። እማማ ድስት አዘውኝ ስለነበር ወደ ሸክላው ተራ ሄድኩ። ሸክላ ሠሪዎቹ ሁልጊዜ ገበያው ጥግ፣ ከሰው ፈንጠር ብለው ነው የሚቀመጡት። ማና ይሏቸዋል። እኔም ገረሴ ሳድግ ድስታቸውን እንጂ እነሱን ቤት ማስገባት እንደማይገባ ነው የተማርኩት። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። በቃ ይታወቃል።

ለሱቆቹ ላሳየው የያዝኩት አባትየው አሻንጉሊት ከቅርጫቴ እጁን አውጥቶ ነበር። ሻጯ ሳትጠይቀኝ መዝዛ አወጣችው። ጠና ያለች ሴት ናት፣ ጣቶቿ ረጃጅም። ክንዱን አጠፍ ዘርጋ ስታደርገው የቀለም ፍርፋሪ ጉልበቷ ላይ ረገፈ።

«ማነው የቀባው?»

«እኔ።»

«ልብስ ነው ያለበስሽው» አለች። «ልብስ ክርን ላይ ይቀደዳል። ይሄ ቆዳ ነው የሚፈልገው።»

አማርኛዋ እርስዎ የሚባል ነገር የለውም። ከአጠገቧ ቀይ እንስራ አንስታ ሆዱን በጥፍሯ ቧጨረችው። ምንም አልሆነም። «ይላጣል? አይላጥም። ቀለም አይደለማ። ቀይ አፈሩን አጠጥቼው፣ ሳይደርቅ በድንጋይ አሸሁት። ውስጡ ገባ።»

«ለእንጨት ይሆናል?»

«እንጨት ሠርቼ አላውቅም። እንየዋ።»

ስሟ ወርቂቱ ነው። ማክሰኞ እንድትመጣ ነገርኳት። ድስቱን ግን ረስቼው ገባሁ።

ኅዳር 1 — ማክሰኞ

መጣች። በቅል የዘቀጠ ቀይ አፈር፣ እንደ እርጎ የላመ። እንደ እንቁላል የለሰለሰች ጥቁር ድንጋይም። ድንጋይዋ የእናቷ ነበረች አለች፤ የእናቷም እናት።

እማማ ሻሺቱ ከበር ላይ አዩንና ወደ ውስጥ ጠሩኝ። «ግቢው ይበቃታል። ደጃፉን እንዳታልፍ» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ማንጎው ሥር ጉዝጓዝ አደረግሁ። እዚያ ሠራን። ሰምታ ይሆን? ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም።

የመጀመሪያው አልሆነም። አፈሩ እንጨቱ ላይ ደረቀና እንደ ዱቄት በነነ። ወርቂቱ እጇን አየችው፣ ሳቀች። «እንጨት ውኃ አይጠጣም። ዘይት ይጠጣ ይሆናል።»

ኅዳር 5 — ቅዳሜ

ከገበያ ቀርታ መጣች። ድስቶቿን ለእህቷ ትታ። ለምን እንዲህ ትለፋለች? ጠየቅኋት። «እልህ ያዘኝ» አለች።

አፈሩን በጥቂት ዘይት ለወሰችው። እኔ ቀድሜ መጋጠሚያዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጌ፣ በእንጨትና በእንጨት መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ሰጠኋቸው። እሷ በጨርቅ ቀባች፣ ጠረገች፣ እንደገና ቀባች። ከዚያ በድንጋይዋ ማሸት። ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን። እንጨቱ ውስጡ የቆየ እስኪመስል ቡናማ ሆነ። የተሰነጠቀ ቀለም የለ፣ የተላጠ የለ። መቶ ጊዜ አጠፍነው። ቆጥረን! እሷ በጋሞኛ፣ እኔ በአማርኛ።

በመጨረሻ ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ ሲጥ ሲጥ። ሰም አሸሁበት። ዝም አለ።

ውኃ ስትጠይቀኝ በተሰነጠቀው ጣሳ ሰጠኋት። ጣሳውን የመረጠችው እጄ ናት። አሁን ስጽፈው ነው ያየሁት።

ኅዳር 8 — ማክሰኞ

ስለዚህ ቀን መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት...

አራቱን ሰዎች ጨርሰን ነበር። ቢምቢዋ ብቻ ቀርታለች። ክንፏ ሥር በጣም ጠባብ ስለሆነ ወርቂቱ በሰንበሌጥ ጫፍ ነበር የምትቀባው። ቀልድ እያወራን ነበር። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ለእነሱም መሬት እንደደረሳቸው ነገረችኝ። ስብሰባ ላይም ሁሉም እኩል ነው ተባለ። «አዋጁ መሬት ሰጠን» አለች። «ወንበር አልሰጠንም።»

ዝናቡ ከተራራው ድንገት ወረደ። የጋሞ ዝናብ፣ እንደ ጠጠር። ተነስቼ አሻንጉሊቶቹን በቀሚሴ ሰብስቤ ወደ ቤት ሮጥኩ። አልጋው ላይ አስቀመጥኳቸው። በፎጣ አደረቅኋቸው። አንድ በአንድ።

ከዚያ ዞር ስል በሩ ክፍት ነው፤ ወርቂቱ ማንጎው ሥር ቆማለች። ቅሉን በደረቷ ሸፍናለች። ውኃው በጸጉሯ ይወርዳል።

እማማ ከኋላዬ ነበሩ። ምንም አላሉም። ማለትም አላስፈለጋቸውም። እኔም ግቢ አላልኩም። አፌን ከፈትኩ መሰለኝ... አላልኩም።

ዝናቡ ሲያባራ ቢምቢዋን ጨርሳ ሄደች። «ደህና ዋይ» አለች።

እንጨቶቹን አስገባሁ። ሰውን ውጭ ተውኩ።

ኅዳር 11 — ዓርብ

ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ከቀበሌም ከጤና ጣቢያም ሰው ነበር። አባትየው ቆፈረ፣ ተነከሰ፣ ተንቀጠቀጠ። ልጆቹ ሲንቀጠቀጥ በሳቅ ሞቱ። አያትየው ክኒኑን ሲሰጡት ዝም አሉ። ወባ ያልገባበት ቤት የለማ።

በመጨረሻ አቶ ታምሩ የአባትየውን ክንድ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ለእንግዶቹ አሳዩ። «ይኸው፣ ጭረት የለውም! ይህን መላ የፈጠረችው የራሳችን መምህርት ጓድ ልክነሽ ናት።» አጨበጨቡ።

ቆሜ እጅ ነሳሁ።

እጅ ነሳሁ!

ኅዳር 12 — ቅዳሜ

ሚካኤል ነው። አልሄድኩም። ምን ብዬ እቆማለሁ?

ኅዳር 15 — ማክሰኞ

ጾም ገባ። ወርቂቱ አልመጣችም። የምትመጣበት ሥራም የለም፣ አልቋል። ቢሆንም ማንጎው ሥር ሁለት ጊዜ ወጥቼ አየሁ።

ይህን ደብተር ወደ ኋላ አነበብኩት። እማማን «አሉ» እያልኩ፣ አቶ ታምሩን «አሉ» እያልኩ፣ ወርቂቱን «አለች» እያልኩ ነው የጻፍኩት። በዕድሜ እናቴን ትሆናለች። ማንም በማያየው ደብተር ላይ እንኳ።

ኅዳር 19 — ቅዳሜ

በሥርዓት ልጻፈው።

ሲቀላ ገበያ ላይ መጋረጃ ዘርግተን አሳየን። ስንት ሰው! ከኦቾሎ የወረዱ፣ ከጨንቻ ጋቢ ይዘው የመጡ፣ በግ የሚጎትት፣ ሙዝ የተሸከመች። አባትየው ሲወድቅ አንዲት ሴት «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ሲነሳ ሰዉ እልል አለ። አሻንጉሊቶቹ ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ሠሩ። አንድም አልተላጠ።

የጤና ጣቢያው ሰው በድምፅ ማጉያው ስሜን ጠራ። ወጣሁ። ማጉያውን ተቀበልኩት። አልተዘጋጀሁም ነበር... ወይስ ሳምንቱን ሙሉ ስዘጋጅ ነበር?

«መላው የእኔ አይደለም» አልኩ። «እኔ የቀባሁት ሁለት ጊዜ ተላጠ። ይህን የሠሩት እዚያ ጥግ ሸክላ የሚሸጡት ወይዘሮ ወርቂቱ ናቸው። ባለፈው ሲያጨበጭቡልኝ ዝም ብያለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ወደ ሸክላው ተራ ዞረ። አንዳንዱ ሳቀ። አቶ ታምሩ መሬት መሬት ያያሉ። በሰው መሃል አልፌ ሄድኩና እጄን ዘረጋሁላት፣ ወደ መድረኩ ልወስዳት።

አልተነሳችም። ዓይኗ እንደ እሳት ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ ብቻ፦

«በሰው ፊት አታቁሚኝ። እኔ ጭብጨባ ለመንኩሽ? ዝናብ ሲዘንብ ቤትሽ አስገቢኝ።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ መሬቱ ላይ፣ ድስቶቹ መሃል። ማጉያው ማውራቱን ቀጠለ። ከዚያ «የፊታችን ቅዳሜ ምሳ ቤት ይምጡ፣ ይግቡ» አልኳት።

«ማን ይግቡ? ብቻዬን ነኝ» አለች።

«ነይ። ግቢ።»

«እንዲህ ይሻላል። እርስዎ ስትዪኝ የቀበሌ ሊቀመንበር የሆንኩ ይመስለኛል።» አልሳቀችም ግን። «አማትሽስ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ኅዳር 20 — እሑድ

ነገርኳቸው። እማማ ሻሺቱ መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። ከዚያ ደበሌን ጠሩት። «ሚስትህ ቤቴን ልታረክስ ነው።» ደበሌ ጋዜጣውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ እኩልነት የሚናገረው እሱ ነው!

«ለምን ውጭ አትጋብዣትም? ማንጎው ሥር?» አለኝ።

«እዚያማ ስንት ቀን ተቀመጠች።»

ጋዜጣውን እንደገና ዘረጋ።

እማማ አለቀሱ። የቁጣ ለቅሶ አልነበረም፤ እሱን እችለው ነበር። «እናቴ ይህን ካደረግሽ ምድሩ እህል ይከለክላል ትለኝ ነበር። ሰባ ዓመት ጠብቄዋለሁ። አሁን በስተርጅና ምን ላድርግ ትያለሽ?» አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። ሁለቱንም ልጆቼን በእጃቸው ያሳደጉ ናቸው። ፈርተዋል። እግራቸውን አጥቤ አስተኛኋቸው። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም፤ እሳቸውም አልቀየሩም።

ኅዳር 26 — ቅዳሜ

መጣች። ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታ። ደጃፉ ላይ ቆመች። እኔም ከውስጥ ቆምኩ። ሁለታችንም ወደ ወለሉ ስናይ... እግሯን አነሳች፣ ገባች።

እማማ ሳህናቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። በሩን ዘጉ። የበሩን ድምፅ ሰማችው። «ተያት» አለችኝ። «እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

ሽሮና ጎመን ነበር። በአንድ ትሪ አቀረብኩ። ሁለታችን እጃችንን ታጠብን። ደበሌ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር፣ ደጅ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል። ሁለት ጊዜ ያህል ጎረስን። ከዚያ የማስታጠቢያውን ድምፅ ሰማሁ። ራሱ ውኃ እያፈሰሰ እጁን ታጠበ፤ መጥቶ ቁጭ አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። በላ።

ወርቂቱ ስለ ቢምቢዋ ክንፍ አወራችው። አናጢው ሽቦውን ወፍራም አድርጎታል፣ ቢቀጥን ኖሮ ግማሽ ቀን አይፈጅብንም ነበር ብላ። ደበሌ «እነግረዋለሁ» አለ። እንዲህ ያለ ወሬ ነበር። በቃ፣ ወሬ።

ታኅሣሥ 2 — ዓርብ

እማማ ዛሬ ጨንቻ ሄዱ፣ ትልቁ ልጃቸው ጋ። ደበሌ መኪና ላይ አሳፈራቸው። ሲሄዱ ልጆቹን ሳሙ። እኔንም ሳሙኝ፣ ሁለቱንም ጉንጬን፣ ግን ዓይኔን አላዩም። «ለገና ይመለሳሉ?» አልኳቸው። «እግዜር ያውቃል» አሉ።

ጎረቤታችን አገርነሽ ቡና ጠርታኝ የማታውቅበት ሳምንት አልነበረም። ይህን ሳምንት አልጠራችኝም።

ቤቱ ሰፋ። ሲሰፋ ደግሞ ደስ አይልም። ልክ ሠራሁ ወይ? አዎ። ከባድ ነው ወይ? እሱም አዎ።

ታኅሣሥ 4 — እሑድ

ወርቂቱ ቤቷ ጠራችኝ። ከኩልፎ ማዶ፣ አፈሩ ከሚቆፈርበት ገደል አጠገብ። እስከዚያ ሄጄ አላውቅም። ሲቀላን ስንት ዓመት ስመላለስበት፣ መንገዱ ወደዚያ እንደሚታጠፍ እንኳ አላውቅም ነበር።

ቤቷ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ሥር ያልተተኮሱ እንስራዎች ተደርድረዋል። የጤና ጣቢያው ለሌላ ገበያ ሦስት አሻንጉሊት ይጨመር ስላለ ቁርጥራጩን ይዤ ነበር የሄድኩት። እኔ አሸሁ፣ እሷ አረመችኝ። «አትጫኚው። ድንጋዩ ራሱ ያውቃል።» አቶ ታምሩ ስለ አሻንጉሊቶቹ ለጤና ጣቢያው በጻፉት ደብዳቤ ላይ የሁለታችንም ስም እንዳለ ነገርኳት። አንብቢልኝ አለች። አነበብኩላት። «እንደገና» አለች። እንደገና አነበብኩ።

ከዚያ ኩርኩፋ አቀረበች። የበቆሎው እንክብል ከሀለኮ ቅጠል ጋር የተቀቀለ፣ ትኩስ፣ በራሷ ሳህን። እጄን ታጠብኩ። እኔ ነኝ፤ በገበያ መሃል የተናገርኩት፣ አማቴን ያስከፋሁት፣ ጎረቤቴን ያጣሁት። ቆራጥ ነኝ ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፌ ውስጥ ሳስገባ ጉሮሮዬ ተዘጋ።

ተዘጋ። እናቴ ኋላዬ የቆመች መሰለኝ።

ወርቂቱ አየችኝ። ዞር አላለችም፣ አልተቆጣችም፣ ብይም አላለችኝ። የራሷን እየበላች ጠበቀችኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ደጅ ዶሮ ይጮኻል። ዋጥኩት።

ሁለተኛውን ጎረስኩ። ጨው ያንሰዋል። ነገርኳት፣ አቀበለችኝ።